የጡረተኛው መሥሪያ ቤት

ተማሪዎቹ «እትዬ ሰልፍ» ይሏቸዋል። የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ናቸው፤ ለጉባኤ የሚላክ ጥናት ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል፣ የማን ስም ከየትኛው መሥሪያ ቤት ጋር ይጻፍ፣ ምሁራን የሚኳረፉበትን ይህን ሁሉ በአንድ ጣት እየተየቡ ያስታርቃሉ። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ሳይ አፌን ይዤ ቀረሁ።

አንድ ቀን ስለ አንድ ወንዝ ውሃ የተሠራ ጥናት ለጉባኤ ሊላክ ነው፤ ምዝገባው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ስም አይጨመርም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ሰንጠረዦቹን ሲያገላብጡ እጃቸው ቆመ። ስድስት ዓመት ሙሉ የወንዙን ውሃ እየቀዱ የለኩት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ፣ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው፣ ከደራሲዎቹ መካከል የሉም።

ጥናቱን ወደሚመሩት ፕሮፌሰር ቢሮ ገቡ።

«ጋሼን ረስተዋቸዋል።»

«ጡረታ ወጡ እኮ! የመሥሪያ ቤቱ ቦታ ባዶ ከሆነ ኮምፒዩተሩ አይቀበልም። ምስጋናው ላይ እንጠቅሳቸዋለን።»

«ምስጋናማ ወንበር ላቀበለም ይጻፋል።»

እትዬ ማንም የማያነበውን የጉባኤውን መመሪያ አሥራ አራተኛ ገጽ ከፈቱላቸው፦ የሚጻፈው ሰውየው ዛሬ ያለበት ሳይሆን ሥራው የተሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ፕሮፌሰሩ ሁለቴ አነበቡት።

«እንግዲያው ያስገቧቸው። ግን ራሳቸው ካላጸደቁ አይሆንም።»

እትዬ ለጋሼ ደወሉ።

«አንቺ ልጅ፣ በደህና ነው? ቁልፍ ይዤ ሄድኩ እንዴ?»

ጉዳዩን ሲሰሙ ሽማግሌው፣ «በዶክተሮች መሃል ምን እሠራለሁ? በይ እሺ፣ ከሁሉም መጨረሻ ወሽቂኝ» አሉ።

«እንዴ ጋሼ! በዚህ ሙያ መጨረሻ የሚጻፈው አለቃው ነው። የፕሮፌሰሩን ወንበር ሊቀሟቸው ነው?»

ተሳሳቁ። ሦስተኛ አደረጓቸው፤ ጥናቱንና የማጽደቂያውን መልእክት በልጃቸው ኢሜይል ላኩላቸው።

አሥር ተኩል ሆነ፤ መልስ የለም። እትዬ እንደገና ደወሉ።

«እያነበብኩ ነው። የአራተኛው ዓመት ክረምት ልኬት ለምን ገባ? መሣሪያው ያኔ ተበላሽቶ ነበር፤ ጽፌ ሰጥቻለሁ። እሱ ካልወጣ ስሜን አላስቀምጥም።»

እትዬ በኮሪደሩ ሮጡ። ፕሮፌሰሩ መሳቢያቸውን በረበሩ፤ ማስታወሻው እዚያው ነበር። ፊታቸው ቀላ። መስመሩን አውጥተው፣ አማካዩን አስልተው፣ ፋይሉን ቀየሩ።

ለአሥራ አንድ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው በማያ ገጹ ላይ ከጋሼ ስም ጎን የማጽደቂያው አረንጓዴ ምልክት በራ።

የሌሎቹ አምስት ደራሲዎች ምልክት ግን የተበላሸው ልኬት ሳይወጣ፣ ከጠዋት ጀምሮ በርቶ ነበር።