የድንኳን ሰፊው አንቀጽ

ኮልፌ ላይ የአቶ ኃይለ መስቀልን ጽሕፈት የማያውቅ አልነበረም። ፊደላቸው እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ፣ እንደ ዜማ ተሳስቦ ነበር የሚወጣው። እንጀራቸውም ከዚያው ነው፤ ፓርላማ ውስጥ ገልባጭ ጸሐፊ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የፊተኛው ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ ሲወጣ፣ ከአንቀጾቹ ሁሉ ልባቸውን የወሰደው ሕጉ ራሱ እንዴት እንደሚለወጥ የሚናገረው ነው። ከሁለቱም ምክር ቤቶች ከአራት እጅ ሦስቱ፣ ያውም በሁለት የተለያዩ ጉባኤዎች ተስማምተው፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሲያጸድቁት ብቻ። ከአውቶቡስ ወርደው በባሕር ዛፉ ሥር ወደ ቤት ሲያዘግሙ ያንን አንቀጽ እንደ ዘፈን ያንጎራጉሩት ነበር።

በዚያው ዓመት የሰፈሩ ሰው እድር አቋቋመና ደንቡን ጻፉልን አላቸው። እሳቸውም የሚወዱትን አንቀጽ አምጥተው ከመጨረሻው ገጽ ላይ ተከሉት። የእድሩ ደንብ የሚሻሻለው ከአራት እጅ ሦስቱ አባል ሁለት ጊዜ ሲስማማ ነው፤ ፓርላማው ክረምት እንደሚዘጋ ሁሉ፣ አንዱ ከክረምት በፊት፣ ሌላው ከክረምት በኋላ። ሰው ሁሉ "እርስዎ ካሉ" ብሎ ፈረመ። ንጉሥ ብቻ ነው የጎደለው ብለው የቀለዱም ነበሩ።

አራተኛው አንቀጽ አባል የሚሆነው የአጥቢያው ክርስቲያን ነው ይላል። ሲጻፍ ማንም ልብ አላለውም። ሸራ ሰፊው ጀላል ግን አጥር ለአጥር ጎረቤታቸው ነበር። የእድሩን ድንኳን የሰፋው እሱ ነው። በየዓመቱ የሚጠግነውም እሱ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ኮልፌ ሙታኗን ያለቀሰችው በጀላል ስፌት ሥር ነበር።

በ1966 ሳል ያዘው። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ተደግፎ፣

"ኃይሌ፣ አንድ ነገር ልለምንህ" አለ። "ስሞት ያ ድንኳን ደጄ ላይ ይተከልልኝ። የሰፈሬ ሰው ተቀምጦበት ይዋል። ሌላ አልፈልግም።"

ወራቱ የለውጥ ወራት ነበር። ሕገ መንግሥቱ እንደገና ይሻሻላል ተብሎ ጉባኤ ተሰይሟል። በሚያዝያ እስላሙና ክርስቲያኑ አብረው ሰልፍ ወጥተው የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀዋል። አቶ ኃይለ መስቀል በግንቦት አራተኛውን አንቀጽ ለማሻሻል እድሩን ሰበሰቡ። ከአርባው አባል ሠላሳ ሁለቱ እጁን አወጣ። ሠላሳ ይበቃ ነበር።

"እንግዲህ ይመዝገባ" አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በራሳቸው ስም አባል የሆኑት።

"ከክረምት በኋላ ደግሞ አለ፣ እትዬ።"

"ሰውዬው እያሳለ እርስዎ ክረምት ይቆጥራሉ?"

"ዛሬ በጓሮ ባስገባው፣ ነገ አንዱ ተነስቶ በጓሮ የገባ ይለዋል። በደጅ ይግባ።"

ያን ክረምት እንቅልፍ አልነበራቸውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከአጥሩ ማዶ ሳሉን ያዳምጣሉ። ሳሉ ሲቆም ይበልጥ ይጨንቃቸዋል። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ይጣራሉ።

"ጀላል፣ እንዴት አደርክ?"

"የአንተ አንቀጽ እስካሁን አልገደለኝም።"

በነሐሴ የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ወጣ። መስከረም ሁለት ቀን ደግሞ ሬዲዮው ንጉሡ ከዙፋን መውረዳቸውን፣ ነባሩም ሕገ መንግሥት መታገዱን ተናገረ። አቶ ኃይለ መስቀል ሬዲዮውን ዘጉት። ከአራት እጅ ሦስቱንም፣ ሁለት ጉባኤንም የጠበቀ አልነበረም። ያንጎራጎሩት አንቀጽ በአንድ ማለዳ ዝም አለ።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ስብሰባ ተከልክሏል ያሉ ነበሩ፤ እትዬ የሺእመቤት "እድር ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ አይከለከልም" ብለው ቀድመው ተቀመጡ። ድንኳኑ ሜዳው ላይ ተተክሏል። ጀላል ጋቢውን ተከናንቦ ከውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"አቶ ኃይለ መስቀል፣ ትልቁ ሕግ ታግዶ የለም እንዴ?" አሉ ከአባላቱ አንዱ፣ አቶ ጌታሁን። "እናቱ የሞተችበት ደንብ ይዘው ምን ያደክሙናል? ዘመኑ እስኪለይ ይቆይ።"

"የታገደው ያኛው ነው። ይሄን የጻፍኩት እኔ፣ የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ። ያገደው የለም።"

እትዬ የሺእመቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ለራሳቸው እንደሚሉ ሆነው አንጎራጎሩ፤

ጥላውን ሰፍቶልን በመርፌ በክሩ፣
እሱ ግን ከፀሐይ፣ እኛ ከማኅበሩ።

አንዳንዱ አቀረቀረ። እጅ ይውጣ ተባለ። አቶ ኃይለ መስቀል ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ሃያ ዘጠኝ። በግንቦት የወጡ ሦስት እጆች ዘመን ፈርተው ጋቢ ውስጥ ቀርተዋል፤ በግንቦት የተቃወመ ሁሉ ዛሬም እንደ ተቃወመ ነው።

"አንድ ጎደለ" አሉ አቶ ጌታሁን፣ በለሆሳስ።

አቶ ኃይለ መስቀል አባል ቢሆኑም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን እጃቸውን አውጥተው አያውቁም። የጸሐፊ እጅ ለብዕር ብቻ ነው፣ ወደ አንዱ ካዘነበለ ጽሕፈቱ ይጣመማል ባይ ነበሩ። ይህ ግን ልማዳቸው እንጂ ደንቡ ላይ የለም። እሳቸው ናቸው የጻፉት፣ እሳቸው ያውቃሉ።

ብዕሩን መዝገቡ ላይ አስቀመጡ። ቀለም የነካው እጃቸው ቀስ ብሎ ወጣ።

"ሠላሳ" አሉ እትዬ የሺእመቤት።

አሮጌውን አንቀጽ በቀጭን መስመር ሰረዙት፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ አድርገው። ከጎኑ አዲሱን ጻፉና የጀላልን ስም አስከተሉ። ፊደሎቹ ትንሽ ተጣመዋል።

ጀላል ጎንበስ ብሎ ገባ። ቦታ ለቀቁለት። ተቀምጦ ቀና አለና ጣሪያውን ከጥግ እስከ ጥግ አየው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተቀምጦበት አያውቅም።

"ኃይሌ" አለ፣ "ምሰሶው ጋ ያለው ስፌት ተተርትሯል። እንዲህ ሆኖ ነው የምትቀመጡበት?"

መርፌና ክሩ ከኪሱ ወጣ።