ጭራው የተቆረጠው ፈረስ

በአገው ምድር፣ ጥሊሊ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገደል መውረድ አመሌ ነበር። አፋፉ ላይ የሚኖሩት ገበሬዎች ባዩኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «መምህር፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» ላም ወይም በቅሎ ያልጠፋበት ሰው ለምን ብሎ እዚያ እንደሚወርድ አይገባቸውም። «ለማየት ነው» ስላቸው ይሳሳቃሉ። እኔም በሆዴ እንቃቸው ነበር፤ ምን አስዋሸኝ። እንዲያ ያለ ፏፏቴ በገደሉ አፍንጫቸው ስር እየወረደ አንድ ቀን ቆም ብለው አላዩትም እል ነበር።

ፈረሱን ያገኘሁበት እሁድ ጥቅምት ላይ ነበር፤ ውሃው ጎድሎ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ መሻገር ይቻላል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ቁልቁል አንድ ሰዓት ያስኬዳል። መንገዱ መጀመሪያ በቀርከሃ መሃል ያልፋል፤ ከዚያ ቆመው የተደረደሩ ግንዶች የሚመስል ጥቁር አለት ስር ስሩን እየታከከ ይወርዳል። ታች በገደሉና በወንዙ መሃል አውድማ የምታህል ለምለም መስክ አለች። ዳቦዬን የምበላው ሁልጊዜ እዚያ ነው።

መስኩ ላይ ዳማ ፈረስ ቆሟል። ኮርቻ የለው፣ ልጓም የለው፣ የአንገት ገመድ እንኳ የለው። የጎድን አጥንቱ አንድ ባንድ ይቆጠራል። የጭራው ፀጉር ከሥሩ ተቆርጧል። «ይቺማ የሌባ ሥራ ናት» አልኩ ለራሴ። ሰርቀው ነድተውት፣ ሲደክምባቸው የጭራውን ፀጉር ለመሸጥ ቆርጠው ጥለውት ሄዱ ብዬ ደመደምኩ። ከኪሴ ቆሎ ሰጠሁት፤ ማላመጥ አቃተውና ከነለሃጩ መዳፌ ላይ መለሰው። ዳቦዬን በወንዝ ውሃ አርሼ ሳጎርሰው ግን ዋጠ። ከዚያ ግንባሩን ደረቴ ላይ ደገፍ አደረገ። ወይ እኔ! ይህን ፈረስ ሳላተርፍ ከዚህ ገደል አልወጣም ብዬ ማልኩ።

ቀበቶዬን አንገቱ ላይ አስሬ ጎተትኩት። ሽቅቡ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ሁለት ጊዜ በጉልበቱ ወደቀ። ሁለቱንም ጊዜ ዱላ ቆርጬ መታሁት። ለራሱ ብዬ ነው እያልኩ መታሁት።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ድንች የሚቆፍሩ ሰዎች ቀና አሉ። እንደሚያመሰግኑኝ ጠብቄ ነበር። አንዷ ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንድ ጎልማሳ «አንተ ሰውዬ፣ ምን አርገህ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። የማን እንደሆነ ብጠይቅ ወደ ድንቻቸው ጎንበስ አሉ፤ መንገዱን የመራኝ ፈረሱ ራሱ ነው። አንድ ግቢ ጋ ሲደርስ ያ ሁሉ ድካሙ ጠፍቶ ጆሮውን አቁሞ አሽካካ።

የወጡት ሽማግሌ የማውቃቸው ናቸው፤ በየሳምንቱ «ምን ጠፍቶብህ ነው» ከሚሉኝ አንዱ። ፈረሱን ሲያዩ የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ። ደስታ መስሎኝ «አገኘሁልዎት!» አልኩ። «ሌቦቹ ጭራውን ቆርጠውታል» ስል ባለቤታቸው ከውስጥ ወጥተው «ሌባ አይደለም፤ እሳቸው ናቸው የቆረጡት» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ሰው ተሰብስቧል፤ እኔ ደግሞ ክፍል እንደገባ ሰው ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ስንት ዘመን ያገለገለዎትን እንስሳ ለጅብ ይጥሉታል? ጭራውን እንኳ አይተዉለትም? እግዜርን አይፈሩም? ነገ ልጆችዎ እርስዎን እንዲህ ገደል ቢጥሉዎትስ?» ይህን ለሽማግሌ፣ በገዛ ደጃቸው፣ በጎረቤቶቻቸው ፊት ተናገርኩ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ለፈረሱ በአገውኛ አንድ ነገር አሉት፤ ለኔ በአማርኛ ነገሩኝ። «ጥርሱ አልቋል። ገብስ አስፈጭቼ፣ በውሃ በጥብጬ አንድ ክረምት አቆየሁት። እኛ ፈረስ አናርድም፤ ጥይት የለኝ። ሌላው ደጁ ላይ አስሮ በረሃብ ይገድለዋል። እኔ ለስላሳ ሣርና ውሃ ያለበት ወሰድኩት። የተሰናበቱት ፈረስ ጭራው ይቆረጣል፤ ያየው ሰው እንዳይመልሰው ነው። ይህን እዚህ አገር የማያውቅ የለም።»

«እኔ አላወቅሁም» አልኩ።

«አልጠየቅህማ» አሉኝ።

ባለቤታቸው እንባቸውን እየጠረጉ «እህል ባፋቸው ካልዞረ ሦስት ቀናቸው» አሉ።

አፈርኩ። ግን ሳፍር እልህ የሚቀድመኝ ሰው ነኝ። «እንግዲያስ እኔ እወስደዋለሁ!» አልኩ። «የት?» አሉ ሴትዮዋ። የምኖረው ተከራይቼ ነው፤ ግቢው ባጃጅ እንኳ አያዞርም። ከኋላዬ አንዱ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል» ሲል ሁሉም ሳቁብኝ። ልክ ነበሩ።

«ልጄ፣ ያወጣኸው አንተ ነህ፤ አንተው መልሰው» አሉኝ ሽማግሌው። «እኔ ሁለተኛ አልችልም።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቁልቁለቱን መጎተት አላስፈለገኝም። ያጎረስኩት እኔ ነኝ፤ ትንፋሹ ማጅራቴን እያሞቀው ኋላ ኋላዬ መጣ። መስኩ ላይ ቀበቶዬን ፈታሁና ዞሬ ሄድኩ። ተከተለኝ። «ሂድ!» አልኩት፤ ቆም ብሎ መልሶ ተከተለኝ። ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ፤ እግሩ ስር ወደቀ። ዳቦ መስሎት ጎንበስ ብሎ አሸተተው። አምላኬ ሆይ! ሁለተኛውን ጎኑ ላይ፣ ሦስተኛውን አስተካክዬ ግንባሩ ላይ መታሁት። ያኔ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ዞሬ አላየሁትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አፋፉ ደረስኩ። ሽማግሌው መንገዱ ዳር ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«ተከተለህ?» አሉኝ።

«የለም አባቴ፣ ውሃ ሲጠጣ ትቼው መጣሁ።»

«ተመስገን» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኔንስ ተከትሎኝ በድንጋይ ነው የመለስኩት። አንተ እንኳ በሰላም ተለየኸው።» ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። እኔም አልከለከልኳቸውም።