በጣት የማይጠቆም ዱባ

ልጆቼን ከአትክልት ጋር ላፋቅር ብዬ የተነሳሁት ለአትክልቱ ብዬ አልነበረም። በቅናት ነው።

ያኔ ካዛንቺስ ውስጥ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት በጋራ በምንጠቀምበት ግቢ ነበር የምንኖረው። ከጎናችን ያሉት ባልቴት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ልጃቸው ዲሽ አስገባላቸው። እሳቸው እንኳ ዜናውንም በወጉ አያዩም፤ የእኔ ሁለት ልጆች ግን ሶፋቸው ላይ በቀሉ። ሳምንቱን ሙሉ ለገሃር ቢሮ ውዬ፣ ቅዳሜ ልጆቼን ላገኝ ስል ቤቱ ባዶ ነው። ምሳቸውን ሳይቀር እዚያው ይበላሉ። አንድ ቅዳሜ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ በር ላይ ቆማ፣ “እማዬ፣ እትዬ ቤት ማደር እንችላለን?” ስትለኝ ደሜ ፈላ።

ባሌ ላንቻ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ ለሁሉም ነገር መፍትሔው ዕቃ መግጠም ነው።

“በቃ እኛም ዲሽ እናስገባና እንገላገል” አለኝ።

“እኔ ከሰሃን ጋር አልወዳደርም” አልኩት። ዋሽቼ ነው፤ ተወዳድሬያለሁ።

መጀመሪያ ካሮት ዘራሁ። የሰባት ዓመቱ ልጄ፣ “አደገ ወይ?” እያለ በየቀኑ እየነቀለ አይቶ መልሶ ይተክለዋል። ካሮቱ መሬት ውስጥ ካደረው እጁ ላይ የዋለው ሳይበልጥ አይቀርም። ቀጥሎ ሰላጣ ተከልኩ። ሰላጣውን የጎረቤት ዶሮዎች በሉት፤ ልጆቼም ዶሮዎቹን ወደዷቸው። “ውሃ አጠጡ” ስል እግራቸውን ያማቸዋል። “አረም ንቀሉ” ስል የቤት ሥራ አለባቸው። እትዬ ቤት ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ግን እግሩም ይድናል፣ የቤት ሥራውም ይጠፋል።

የካቲት ላይ፣ ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ አድርቄ ያስቀመጥኩት የዱባ ፍሬ ትዝ አለኝ። ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ሥር ተከልኩት። እዚያ ያለው አፈር ለምን ያን ያህል ጥቁር እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፣ እኔም አላብራራሁም። ዱባው ሐረጉን ዘርግቶ ግማሹ አጥሩን፣ ግማሹ የሽንት ቤቱን ቆርቆሮ ጣሪያ ያዘ። ግንቦት ላይ ሁለት ፍሬ አሰረ፤ አንዱ ታች አጥሩ ሥር፣ ሌላው ጣሪያው ላይ።

ያኔ ነው የእናቴ ሕግ ትዝ ያለኝ። ወልቂጤ ሳድግ እናቴ ጨቅላ ዱባ በጣት ከተጠቆመ ይበሰብሳል ትል ነበር። የጠቆመ ሰው ቶሎ ብሎ ጣቱን መንከስ አለበት። እኔ በልጅነቴ ጣቴን ስንት ጊዜ እንደነከስኩ እግዜር ይወቀው። አምንበታለሁ ወይ? ሲያስፈልገኝ አምንበታለሁ።

ምሳ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው” አልኳቸው። ውሃ አጠጡ አላልኩም። አረም አላነሳሁም። “ያን ዱባ የፈለጋችሁትን አድርጉት፤ ብቻ በጣታችሁ እንዳትጠቁሙት፤ ይበሰብሳል። የጠቆመ ቶሎ ጣቱን ይንከስ።”

ሁለቱም ማኘክ አቆሙ።

ከምሳ በኋላ ዱባው ፊት ቆመው አገኘኋቸው፤ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወትፈዋል።

“በአገጭስ?” አለች ልጄ።

“በአገጭ ይቻላል።”

“በክርንስ?”

“በክርንም ይቻላል።”

“በእግር ጣትስ?”

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ስለ እግር ጣት እናቴ ምንም አልነገረችኝም። “እሱን እናጣራለን” ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ አዲስ መንግሥት ተቋቋመ። ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ ሁሉ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ያልፋል። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው እንኳ ልጄ በር ላይ አስቁማ፣ “ይቅርታ ጋሼ፣ እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ” አለችው፤ ከተተ። ወንድሟ የታችኛውን ዱባ ይጠብቃል፣ እሷ የላዩን። ጥበቃ ላይ የዋለ ሰው ሥራ ይፈታል፤ ሥራ ሲፈቱ ያጠጣሉ፣ ይኮተኩታሉ፣ ቅጠል ይቆጥራሉ። እኔም አጠገባቸው ልብስ እያጠብኩ የትምህርት ቤታቸውን ወሬ ሁሉ ሰማሁ። እትዬ ቤት ዲሽ ለማየት የሚመጡት የሰፈር ልጆችም ቀስ በቀስ ወደ እኛ ዱባ ዞሩ።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ራሳቸው መጡ። “አንቺ ልጅ፣ ልጆቹ የት ጠፉብኝ?”

“እኔንጃ እትዬ፣ ይኸው አትክልት ወደው” አልኳቸው። ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ሳፋው ላይ አቀረቀርኩ።

እሳቸው ግን የዱባውን ሕግ ሲሰሙ አልሳቁም። “ጨዋ አድርገሽ አሳደግሻቸው” አሉና እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ጠቅልለው ወደ ሽንት ቤት አለፉ።

ችግሩ፣ ልጄ ነገር ቶሎ ይገባታል። ምሳ ሽሮ መሆኑን ስትሰማ ዱባው ዘንድ ትሄድና ሌባ ጣቷን ቀስ እያለች ከኪሷ ታወጣለች።

“እማዬ... መኮሮኒ የለም?”

መኮሮኒ ቀቀልኩ። ባሌ እየሳቀ፣ “እኔ ዲሽ ስል እምቢ ብለሽ!” አለኝ። በራሴ ሕግ ራሴ ተያዝኩ፣ ግን ቅዳሜዬ ሙሉ ነበርና ግድ አልሰጠኝም።

ከዚያ አንድ ዓርብ ከቢሮ ስመለስ ግቢው ፀጥ ብሎ ጠበቀኝ። አጥሩ ሥር ያለው ዱባ ጫፉ ቢጫ ሆኖ፣ ለስልሶ፣ ወድቋል። ልጄ ሰዉን ሁሉ ሰብስባለች፤ አባቷን ከነቱታው፣ እትዬን፣ የሰፈሩን ልጆች።

“ማነው የጠቆመው?” ትላለች፣ ልክ እንደ ፖሊስ።

ሁሉም እጁን ወደኋላ ደበቀ። ያን ጊዜ ስንት ሳምንት ስትደብቀው የከረመችውን ጣት አውጥታ ወንድሟ ላይ ቀጥ አደረገችው።

“እሱ ነው! ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ፊልም ከለከለችው፣ ተናዶ ሲጠቁም አይቼዋለሁ!”

ሁሉም ዞረው አዩት። ልጄ አልካደም፣ አላለቀሰም። ሌባ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ነከሰ፤ “ተው በቃ” ብዬ እስካስለቅቀው ድረስ አልፈታውም። የጥርሱ ምልክት ጣቱ ላይ ቀርቷል።

እራት ሲቀርብ በግራ እጁ ሊጎርስ ሞከረ።

“ምነው የኔ ጌታ?” አልኩት።

“በቀኝ እጄ አልበላም። ይሄ እጅ ይገድላል።”

ልቤ ስብር አለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለእኔ ሁሉም ነገር ጨዋታ ነበር። እውነቱን ብነግራቸው ጥበቃው ያበቃል፣ ጥበቃው ካበቃ ልጆቼ ነገ ጠዋት እትዬ ሶፋ ላይ ናቸው፤ ይሄን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ልጄ በግራ እጁ ወጥ ልብሱ ላይ እያፈሰሰ ነው።

“ውሸት ነው” አልኩ። “ማለቴ፣ በጣት መጠቆም ዱባ አይገድልም። አበባውን ንብ በደንብ ካልጎበኘው ፍሬው እንዲሁ ይወድቃል። አንተ ምንም አላደረግክም።”

ልጁ ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር ደበቀ። እህቱ ግን ሳህኑን ገፋ አደረገች።

“ታዲያ የሐብሐብ ፍሬ ከዋጥን ሆዳችን ውስጥ ይበቅላል ያልሽው?”

“እሱም ውሸት ነው።”

“ማታ ካፏጨን እባብ ይመጣል ያልሽውስ?”

“እሱም።”

“ጥርሳችንን ካልቦረሽን ይበሰብሳል ያልሽውስ?”

“እሱ እውነት ነው!”

“አሃ” አለች፣ ከላይ እስከ ታች እያየችኝ። ስንት ዓመት የገነባሁት ነገር በአንድ እራት ፈረሰ። ባሌ ሳቁን በውሃ ዋጠው።

ልጄ አሁንም ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር እንደደበቀ ነበር። በአፍ ብቻ እንደማያምነኝ ገባኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡን ሁሉ ሽንት ቤቱ ፊት አሰለፍኩ። “ጣሪያው ላይ ያለውን ሁላችንም እንጠቁመዋለን፤ ምንም እንደማይሆን ታዩታላችሁ።”

እትዬ ከበራቸው ሆነው፣ “በስማም! ተዪ አንቺ ልጅ!” ብለው ዓይናቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ በነጠላው ቀዳዳ ግን ያያሉ።

እኔ ጠቆምኩ። ባሌ ግራሶ ያልለቀቃቸውን አሥር ጣቶቹን ዘርግቶ ጠቆመ። ልጄ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ የአባቷን ትከሻ ተደግፋ፣ ስትመኘው የኖረችውን የእግር ጣቷን ወደ ጣሪያው አነሳች።

ወንድሟ እጁን ወደኋላ እንዳጣመረ ቆሟል።

“ጠቁም እንጂ የኔ ጌታ፣ ምንም አይሆንም” አልኩት።

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

መጀመሪያ እህቱን፣ ከዚያ ዱባውን አየ።

“ትናንት እኔ በጣት ስጠቆም ደስ አላለኝም” አለ።

ባሌ እጁን ቱታው ኪስ ከተተ። እኔም አወረድኩ። ልጄ የእግር ጣቷን አውርዳ ጫማዋን አጠለቀች። ከእትዬ ቤት የዲሹ ሙዚቃ ይሰማል፤ የሰፈሩ ልጆች ፊልሙ ጀመረ እያሉ ይጣራሉ። ወንድሟ የማጠጫውን ጣሳ በቀኝ እጁ አንስቶ ወደ ቧንቧው ሄደ። እህቱ ወደ እትዬ በር አየች፣ ወደ እሱም አየች፤ ከዚያ ሌላ ጣሳ ፍለጋ ወደ ቤት ገባች።