ሳቢር የቀዳው ሦስት ሰዓት

ሳቢር ምንም ነገር አይሰርዝም። በማርያም እምላለሁ፣ የዚህ ሰውዬ በሽታው ይኸው ነው። ሹፌር ነው፤ እኔ ወጥ ቤት የምሠራበት ቪላ፣ ዓረብ አገር፣ ኾባር ከተማ አል ራዋቢ ሰፈር፣ በር ላይ ያለችው ክፍል የሱ ናት። ክፍል ከተባለች። አልጋው አንድ ጥግ ተወሽቋል፣ የቀረው ሁሉ ኮምፒዩተር ነው።

ኮምፒዩተሩን ደማም ከተማ ካለው አሮጌ ዕቃ ገበያ ነው ያመጣው። ክዳን የለውም፣ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ነው የሚሠራው። ከጀርባው ፍላሽ የምታህል የቴሌቪዥን መቀበያ ሰክቶበታል። ከሷ የወጣው ገመድ በመስኮት ወደ ጣሪያ ይወጣና ከልብስ መስቀያ ሽቦ የተሠራ አንቴና ላይ ያርፋል። ማዳም መስቀያዎቿ የት እየገቡ እንደሚጠፉ ስትጠይቀኝ «ማፊ ማዳም፣ አላየሁም» እያልኩ የምዋሸው እኔ ነኝ።

«ሰው ለዲሽና ለካርድ ይከፍላል፤ እኔ ከአየር ላይ በነፃ እለቅማለሁ» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። ይለቅማል፣ እውነቱን ነው። ግን ምኑን? የግመል እሽቅድድም፣ የአየር ሁኔታ፣ ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ። «ይህን ደግሞ ማን ያየዋል?» ስለው «እት ውባየሁ፣ አንድ ቀን ይፈለጋል» ይለኛል። የአምና የአየር ሁኔታ! አምና ሞቆ ነበር፣ ዘንድሮም ሞቋል፣ አለቀ።

ስንስቅበት ከረምን። ከዚያ ለሬሀና ሙያው ተፈለገ።

ሬሀና የማዳምን ልጆች የምትይዝ የወሎ ልጅ ናት። እናቷ፣ እማማ ሙህሲና፣ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ «አብሽሪ፣ ድና እንደ ድሮዋ ትሄዳለች» ይላታል። የኛ ሰው ደግሞ ባሕር ማዶ ላለ ሰው መች እውነት ይናገራል? ሰው ተቀብሮ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ እንኳ «ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነው» የሚል ሕዝብ ነው። በቪዲዮ መደወሉም አልረዳትም። እማማ ሙህሲና ስልክ ሲይዙ የሚታየው ግንባራቸውና የቤቱ ኮርኒስ ብቻ ነው። «ዝቅ አድርጊው እማዬ» ስትላቸው ኮርኒሱ ይጠፋና ሻሻቸው ይመጣል።

«ውቤ፣ ‹ተነሺና ውሃ ጠጪ› ስላት እንኳ ‹ቆይ፣ ያመጡልኛል› ነው የምትለኝ» ትለኛለች፣ ሽንኩርት እያገዘችኝ። «መሄድ አቁማለች። ደብቀውኛል።» ሽንኩርቱ ነው እንዳልል፣ ሽንኩርቱን ከጨረስን በኋላም ታለቅሳለች።

እንዲህ እያለች ሳለ እማማ ሙህሲና ዑምራ ሊያደርጉ መካ መጡ። አንዲት አገር፣ አንድ ሰማይ ሥር! ሬሀና ማዳምን ለመነች። ማዳም «መካ ሩቅ ነው፣ ልጆቹን ማን ይይዛል? ኸላስ፣ አለቀ» አለች፤ ጥፍሯን እያስተካከለች። ከኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳርቻ ለመዋል ሲሆን ግን ሳምንት አታሳልፍም። ልጆቹን ይዛ፣ ልጅ ያዧን ትታ፣ የትላንቱን ሳህን ሁሉ ለሷ ቆልላላት ትሄዳለች።

ያን ጊዜ ነው ሳቢር የተነሳው። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! የመካ ቻናል ቀኑን ሙሉ ካዕባን በቀጥታ ያሳያል። እናትሽ ቢጫ ጃንጥላ ይያዙና የሚዞሩበትን ሰዓት ይንገሩኝ። እቀዳልሻለሁ። በእግራቸው ሲሄዱ በዓይንሽ ታያለሽ።»

እማማ ሙህሲና መልእክት ላኩ፤ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ።

«ለምን ቀኑን ሙሉ አትቀዳውም?» አልኩት።

«ቦታ የለም፤ ሞልቷል። የምችለው አንዷን ሰዓት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ግመሎቹን ሰርዛቸው!»

«ግመሎቹን?» አለኝ። ልጆችህን እረድ ያልኩት ይመስል ነበር አስተያየቱ።

ቅዳሜ ሳቢር ማዳምን ወደ ኒስፍ አልቀመር ይዞ ሄደ፣ ኮምፒዩተሩ በተሞላለት ሰዓት ብቻውን ቀዳ። እሑድ ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ማዳም ሥራ ሲሄዱ፣ ሬሀናና እኔ የሱን በር ወለል አድርገን ከፍተን ደፉ ላይ ተቀመጥን። ሳቢር ማውሱን ይዞ እንደ ዳኛ ተኮፈሰ።

ሕዝቡ ካዕባን ይዞራል። ጃንጥላ የትየለሌ፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት። ቢጫ የለም። መሐል ላይ ምስሉ እየተቆራረጠ ይቆማል፣ ሳቢር ኮምፒዩተሩን በጥፊ ይመታዋል። «ቢስሚላህ በል እንጂ ለምን ትመታዋለህ?» ትለዋለች ሬሀና፤ ዓይኗ ከስክሪኑ አይነቀልም። እኔማ ተስፋ ቆርጬ ወጤን ለማየት ልነሳ ነበር።

ከዚያ ካሜራው ወደ ላይኛው ፎቅ ሄደ፤ በዊልቸር የሚዞሩት እዚያ ናቸው። ቢጫ ጃንጥላ ከዊልቸር ጋር በሻሽ ታስሯል። ከሥሩ እማማ ሙህሲና ቁጭ ብለዋል። እግራቸው በጋቢ ተጠቅልሏል፣ አንድ ጎረምሳ ይገፋቸዋል። ካሜራ የሚያነሳው ሰው ምን እንደታየው እንጃ፣ ጠጋ ብሎ ቆየባቸው። እጃቸውን ወደ ካዕባ ዘርግተው አንድ ነገር ሲሉ ከንፈራቸው ይታያል።

«ናት» አለች ሬሀና።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ግንባር መጣ።

«ሬሀናዬ! አየሽኝ? በእግሬ ስዞር አየሽኝ? ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ልክ እንዳልኩሽ በሦስት ሰዓት! አብረውኝ የመጡት ልጆች በግራ በቀኝ ደግ... ኧረ ማንም አልደገፈኝም፣ ብቻዬን ነው የሄድኩት!»

«ጠዋት?» አለ ሳቢር፤ እጁ ማውሱ ላይ ደረቀ። እኔም ያኔ ገባኝ። እማማ ሙህሲና ሦስት ሰዓት ያሉት እንዳገራችን አቆጣጠር፣ የጠዋቱን ነው። ይሄ ጉደኛ ዕድሜውን በዓረብ ሰዓት እየነዳ ኖሮ፣ በኛ ዘጠኝ ሰዓት የሚሆነውን የከሰዓቱን ሦስት ሰዓት ሞላበት። ለልጃቸው ብለው ሰው ተደግፈው የቆሙባትን ጠዋት ዘሎ፣ ደክሟቸው ማንም አያየኝም ብለው የተቀመጡበትን ቀዳው። ልረግመው አፌን ከፍቼ ሬሀናን አየኋት።

ዓይኗን በሻርፗ ጠረገችና ስልኩን ቀና አደረገች።

«አየሁሽ እማዬ። ማንም አልያዘሽም። እንዴት ነው ደግሞ የምትፈጥኚው? ሰዉን ሁሉ ጥለሽው ሄድሽ!»

«አላልኩሽም? አንቺ መቼ ሰው ታምኛለሽ!» ግንባራቸው በደስታ ከስክሪኑ ወጣ፣ ኮርኒሱ ብቻ ቀረ። «ያ የቀዳልሽ ልጅ አላህ ይስጠው። በይ ስትናፍቂኝ የቀዳውን እያየሽ ተጽናኚ።»

«እሺ እማዬ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሳቢር ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ሬሀና» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ላጥፋው?» ይህን ቃል ካፉ ሰምቼው አላውቅም።

«ተው፣ እንዳትነካው» አለች። እናቷ ዊልቸሩ ላይ እጃቸውን እንደዘረጉ ምስሉ ቆሟል። ተጠግታ አየቻቸው። «ግንባሯን ብቻ ሳይ ነው የኖርኩት። ይሄ እኮ ሙሉ ፊቷ ነው።»

ሳቢር ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። ግመሎቹን በሙሉ ሰረዘና፣ የእማማ ሙህሲና ምስል እንዳይጠፋ ለሁለተኛ ቅጂ የሚሆን ቦታ አወጣ።