ወደ ሐኪም ጋራ የወደቀው ጥላ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መምህርት ከኢንተርኔት ያገኘችውን ጽሑፍ እንድመረምርላት ላከችልኝ። ስለ ፀሐይና ጥላ ነው። ሁለት ጊዜ አንብቤው መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነሥቼ እስከ ሐረር ግንብ ፈላና በር ደርሼ ተመለስኩ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ ሥራዬ ይኸው ነበር፤ በሐረር አንድ ትምህርት ቤት ለመምህራን የሚጠቅም ጽሑፍ ከኢንተርኔት ፈልጎ ማጣራት። ጸሐፊው ማን ነው? መቼ ተጻፈ? ምንጩስ? እያልኩ በቅጽ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ ከግርጌ የመርማሪው ስም የሚሰፍርበት መስመር አለ። አንድ ገጽ እስኪከፈት ጊደር መጋላ ገበያ ወርጄ ማንጎ ገዝቼ እመለስ ነበር። ማንጎው የሌላ ዓመት ይሆናል፤ ትዝታዬን እምብዛም አላምነውም።

ለጡረታ የተቃረቡት የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ አብዱላሂ፣ የመጨረሻው የደረጃ እድገታቸው የሚወሰንበትን ትምህርት በገምጋሚዎች ፊት ሊያስተምሩ ነው። ያገኘሁላቸው ጽሑፍ በቀትር የተተከለ ዘንግ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላል።

«ይህን የጻፈው ሰው የት ቆሞ ነው?» አሉኝ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«ጋሽ አብዱላሂ፣ ፀሐይ እኮ አንድ ናት!»

«አንድስ አንድ ናት፣ ወላሂ» አሉና ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ዲግሪዬን አመኑ።

ግንቦት ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ዘንጉ ግቢው መካከል ተተከለ። ጥላው አጥሮ ወደ ደቡብ፣ ልክ ከከተማው በስተደቡብ ወደ ቆመው ተራራ፣ ወደ ሐኪም ጋራ ወደቀ።

«ቲቸር፣ ሐኪም ጋራ ዛሬ ሰሜን ገባ እንዴ?» አለ አንዱ ተማሪ። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

ጽሑፉ አልዋሸም። የተጻፈው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍበት ሩቅ አገር ነው፤ በሐረር ሰማይ ግን በግንቦት በሰሜን በኩል ታልፋለች። እዚሁ አድጌ፣ በቀትር ጥላዬን ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ይህን ጽሑፍ ያጣራው ማን ነው?» ሲል ገምጋሚው ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» ማለቴን ለዓመታት ሳወራ ኖሬአለሁ። ሆኖም ያን ጊዜ በኅሊናዬ ስመልሰው የራሴ ድምፅ አይሰማኝም። የሚሰማኝ የጋሽ አብዱላሂ ነው፤ «እኔው ነኝ፤ ልጁ ያተመልኝ ብቻ ነው።» እድገቱን አላገኙም። በቅጹ ግርጌ ያለው መስመርም ባዶ ነበር፤ ቸኩዬ ይሁን ፈርቼ፣ ዛሬም አልለየሁትም።

አሁንም ግንቦት ነው። ትናንት በቀትር ግቢዬ ወጥቼ የመጥረጊያ እንጨት አቆምኩ፤ ጥላው ወደ ሐኪም ጋራ ዘንበል አለ። ለመምህርቷ «የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል የሚለው ጽሑፍ ለዚህ ወር አይሆንም፤ ለምን እንደማይሆን ልጆቹን ውጭ አውጥተሽ አሳዪአቸው» ብዬ ጻፍኩላት። ከግርጌው ሙሉ ስሜን አሰፈርኩ። ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ለመጻፍ አንድ ትንፋሽ አልፈጀብኝም።