አማትን የምታጋልጠው ሣጥን

ዓረብ አገር፣ ጅዴይዴ የሚባል ሰፈር በቤት ሠራተኝነት ሳለሁ የማዳሜ ዋና ጠላት አማቷ ነበረች። አሮጊቷ የምትኖረው እታች ፎቅ ቢሆንም የስልኩ መስመር አንድ ስለነበር፣ ማዳሜ ገና ወሬ ስትጀምር እሷ ከታች እጀታውን አንስታ ታዳምጣለች። ታዲያ አንድ ቀን ማዳሜ ክብሪት የምታክል ሣጥን ገዝታ መጥታ ስልኩ ላይ ሰካቻት። ጆሮ ጠቢ ከሌለ አረንጓዴ ታበራለች፤ ሌላ ሰው ካነሳ ቀይ ትሆናለች። ማዳሜ ልጅ የወለደች ያህል ነው ደስ ያላት።

እኔ በበኩሌ ሣጥን የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር። አማርኛ እያለልኝ ማን ይሰማኛል? ባዳሮ ሰፈር ክፍል ተከራይታ በተመላላሽነት የምትሠራ ጓደኛዬ ስትደውልልኝ፣ ማዳሜ አጠገቤ ሰላጣ እየከተፈች አፌን ሞልቼ አወራለሁ። ያን ሰሞን ከዚያ ቤት ወጥቼ እንደ እሷ ለመኖር ቆርጬ ነበር። የቀረኝ ማዳሜ ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፈችው ፓስፖርቴ ብቻ ነው።

«እሁድ ማዳም ኪኒሴ ስትሄድ ጃዋዜን ከኸዛኔው አውጥቼ በሰርቪስ ባዳሮ እመጣለሁ፣ ኸላስ» አልኳት።

ስልኩን ስዘጋ የቢላዋው ድምፅ ቆሟል። ያኔ ነው የነቃሁት። ቤተ ክርስቲያኑን፣ ፓስፖርቱን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ታክሲውን፣ ሁሉንም በእሷው ቋንቋ፣ በዓረብኛ ነው የዘረዘርኩላት። እዚያ አገር ያለን ሁላችን እንዲያ ነበር የምናወራው፤ ምስጢርም ቢሆን። ሣጥኗ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ አረንጓዴ ታበራለች።

«ባዳሮ ለአንቺ ሩቅ ነው፣ ያ ቢንቲ» አለችኝ ማዳሜ፣ «ልጄ» ማለቷ ነው፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፓስፖርቴ እጅ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ፤ ቦርሳው ከእጇ አይለይም፤ እሁድም ቤተ ክርስቲያን ቀረች። በገዛ አፌ ተናድጄ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰኞ ጠዋት ቆሻሻ እንዳወጣ በሩን ስትከፍትልኝ ስልኩ ጠራ። እህቷ ናት። ማዳሜ አማቷን ማማት ጀመረች፤ ዓይኗን ከሣጥኗ አትነቅልም፣ ቀይ ብትሆን አሮጊቷን እጅ ከፍንጅ ልትይዛት። እኔ የቆሻሻውን ከረጢት አንጠልጥዬ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ፓስፖርት ሳይኖረኝ በየኬላው እንዴት እንደማልፍ አላውቅም ነበር፤ ፈራሁ። ግን ይህ በር ዳግም አይከፈትልኝም ብዬ ወጣሁ።

ስወጣ ዘወር ብዬ አየኋት። ሣጥኗ አረንጓዴ ታበራለች፣ ማዳሜ ማንም እንደማይሰማት ተማምና ትስቃለች፣ ፓስፖርቴ ያለበት ቦርሳ ጭኗ ላይ ነው።