በሎሚዬ ላይ የተከሰሰችው ሸረሪት

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ባለው ጓሮዬ አንዲት የሎሚ ዛፍ አለችኝ። እናቴ ከማረፏ በፊት የተከለችልኝ ናት፤ በዚህ ሐሩር የልብስ እጣቢ እያጠጣሁ አቆይቻታለሁ።

አንድ ቀን የጎረቤቴ የሽማግሌው ፍየል ቅጠሏን ቀነጣጥባ ሄደችና ሆዷ ተነፋ። ሳትሞት ብለው አረዷት። በማግስቱ ሽማግሌው ፓንጋቸውን፣ ያን ረጅም ቆንጨራ፣ ስለው መጡ።

«ልጄ፣ ዛፍሽ ላይ አረንጓዴ ሸረሪት አለች። ድሯን የዋጠ ከብት ሆዱ ይነፋል። ዛፉ ካቢሳ፣ ጨርሶ፣ መቆረጥ አለበት።»

ደሜ ፈላ። ግን ሽማግሌ አይሰደብም። «ሦስት ቀን ይስጡኝ፣ አባባ» አልኳቸው።

ሦስቱንም ቀን ዛፏ ሥር በርጩማ ላይ ዋልኩ። ሸረሪቷ የጥፍሬን ያህል ናት፤ ቅጠል መሳይ፣ የፊት እግሮቿ ከኋለኞቹ የረዘሙ። በእንጨት ብነካት ወደ ጎን ሄደች፤ ሞምባሳ ባሕር ዳር ያየሁት ሸርጣን ትዝ አለኝ። «ሸርጣን ሸረሪት» አልኳት። አበባው ላይ እግሮቿን ከፍታ ትጠብቃለች፤ ዝንብ ሲያርፍ ቀጨም! ከራሷ የምትበልጥ ንብ እንኳ ስትይዝ አየሁ። ድር ግን የላትም። ጠዋት ፈለግሁ፣ ማታ ፈለግሁ፣ ቅጠል ለቅጠል አገላበጥኩ፤ የተዘረጋ ድር የሚባል ነገር የለም።

በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ፍየላቸው ተነፋች። እሷ ዛፌ ጋ ዝር አላለችም፤ የዛፏ ጠባቂ እኔ ነኛ! እሷንም አረዷት። በእኛ ሰፈር የተነፋ ፍየል ጨጓራው ሳይከፈት ለውሻ ይጣላል።

«ዛሬ ይከፈታል» አልኩና ቢላዋውን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

ውስጡ ፌስታል ነው። በኬንያ የተከለከለው፣ ከድንበሩ ማዶ ተደብቆ የሚገባው፣ ገበያ ላይ የሚጣለው ፌስታል፣ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ወጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እውነት ከፍየል ጨጓራ ወጣ። እልል አልኩ። በሰው ጉዳት ላይ እልል ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልኩት፣ ደግሜም አልኩት። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ጓሮዬ ውስጥ ቆመዋል። ፓንጋ አልያዙም፤ ለፍየሎቻቸው የቀዱትን አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘዋል። ጎንበስ ብለው ዛፏን አጠጡ። ሸረሪቷ እንዳትረጥብ፣ ከሥር ከሥሯ ብቻ፣ ቀስ እያሉ።